ጎማውን ይፈትሹ፣ ራዲዮውን ይክፈቱ፦ በአሜሪካ ከባድ መኪና ለሚነዱ ሾፌሮች

ከሚኒሶታ እስከ ቴክሳስ፣ ከሲያትል እስከ አትላንታ በትራክ ሥራ የሚተዳደረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። በአገር ቤት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ትልቁን ልዩነት የሚያየው በመጀመሪያው ቀን ነው፦ እዚህ ረዳት የለም። ወርዶ ጎማ የሚመታ፣ ታኮ የሚያደርግ፣ «ና! ና! በቃ!» እያለ ወደ ኋላ የሚያስገባ፣ ተሳቢው ሲጨስ በሩን ደብድቦ የሚያስቆም ሰው የለም። ሁሉም በሾፌሩ ጫንቃ ላይ ነው።

የረዳቱን ቦታ የሚተኩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከመነሳት በፊት የሚደረገው ፍተሻ፣ ሁለተኛው ሲቢ ራዲዮ ነው። ብዙ ሾፌር ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል። ፍተሻውን ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ለዲኦቲ ሲል ያደርገዋል፤ ራዲዮውን ደግሞ የድሮ ሰዎች ዕቃ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን የአንዱ ሥራ ሲያልቅ ነው የሌላው የሚጀምረው። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ በ53 ጫማው ተሳቢ ጀርባ የሚሆነውን እርስዎ አያዩትም፤ የሚያየው ከኋላዎ ያለው ሾፌር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የራስዎን መኪና ጉድ የሚነግርዎ ሌላ ሰው ነው። እሱ የሚናገርበት፣ እርስዎም የሚሰሙበት መንገድ ግን መኖር አለበት።

ክፍል አንድ፦ ከመነሳት በፊት

የፌዴራል ደንብ ቁጥር 396.13 ሾፌሩ መኪናው ለጉዞ ብቁ መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳይነዳ ያዛል። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ግን አይወስንም። የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውን ኢኤልዲዎን «ኦን ዲዩቲ» ላይ አድርገው ይጀምሩ። በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ፍተሻ፣ አደጋ ቢደርስ መደረጉን ማስረዳት ያስቸግራል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ተነስተው በአንድ አቅጣጫ ይዙሩ፤ ቅደም ተከተሉ ከተለመደ የተዘለለው ነገር ወዲያው ይታወቅዎታል።

1. ወረቀት። ከእርስዎ በፊት የነዳው ሾፌር ብልሽት ጽፎ ከሆነ መጠገኑን የሚያሳይ ፊርማ ይፈልጉና እርስዎም ይፈርሙ። የመኪናውና የተሳቢው ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ የሁለቱም የዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫ፣ የሕክምና ካርድ፣ የኢኤልዲው መመሪያና ቢያንስ ለ8 ቀን የሚበቃ ባዶ የሎግ ወረቀት በአንድ አቃፊ ውስጥ ይሁኑ።

2. ሞተር። ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ጎንበስ ብለው መሬቱን ይመልከቱ፤ የፈሰሰ ዘይት፣ ነዳጅ ወይም የራዲያተር ውሃ ከታች ይታያል። ከዚያ የሞተር ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ የቺንጋውን ጥብቀትና የመሪውን ማያያዣዎች ይዩ። የላላ ወይም ቅባት ያፈሰሰ የመሪ ክፍል ካገኙ ጉዞው አይጀመርም።

3. መብራት። ፍሬቻ፣ የግንባር መብራት፣ የጎንና የኋላ መብራቶች፣ ስቶፕ፣ አንጸባራቂዎቹም ጭምር። ብቻዎን ሲሆኑ የስቶፕ መብራት ማየት አስቸጋሪ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ትራኮች መብራቶቹን በየተራ የሚያበራ መፈተሻ አላቸው። የእርስዎ ከሌለው ፔዳሉን በእንጨት ደግፈው ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ወይም ማታ ከግድግዳ ፊት ቆመው ነጸብራቁን ይዩ።

4. ጎማ። የፊት ጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 ኢንች ማነስ የለበትም። ንፋሱን በመለኪያ ይለኩ። በዱላ መምታት ጨርሶ የተነፈሰውን ይለያል እንጂ በግማሽ የጎደለውን አይለይም፤ ከከፍተኛው የንፋስ ልክ ግማሹን ወይም ከዚያ በታች የያዘ ጎማ ደግሞ በመንገድ ላይ ምርመራ እንደተነፈሰ ተቆጥሮ መኪናውን ያስቆማል። በጥንድ ጎማዎች መካከል ድንጋይ ወይም እንጨት አለመሰንቀሩን ያረጋግጡ። ከዳዶዎቹ ዙሪያ የሚወርድ የዝገት መስመር ዳዶው መላላቱን ሊጠቁም ይችላል። የቸርኬው የውስጥ ፊት በዘይት ከራሰ የሐቡ ኦይል ሲል አፍስሷል ማለት ነው፤ ዘይቱ ፍሬን ሸራው ላይ ከደረሰ ፍሬኑ አይዝም።

5. መጋጠሚያ። ባትሪ ይዘው ከተሳቢው ሥር ይግቡ። በፊፍዝ ዊሉና በተሳቢው ሰሌዳ መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። መንጋጋው ኪንግፒኑን ከኋላ ሙሉ በሙሉ መዝጋቱን በዓይንዎ ይዩ። መክፈቻው እጀታ ወደ ውስጥ መግባቱን፣ የተሳቢው እግር እስከ መጨረሻው መነሳቱን፣ የንፋስ ቱቦዎቹና የኤሌክትሪክ ገመዱ ከምንም ነገር ጋር አለመፋተጋቸውን ያረጋግጡ። መጨረሻ ላይ የተሳቢውን ፍሬን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ፊት ይሳቡ።

6. የንፋስ ፍሬን። ይህ ደረጃ መቼም አይዘለልም። ደልዳላ ቦታ ቆመው ታኮ ያድርጉ፤ ንፋሱ እስከ መቁረጫው ይሙላ፤ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 140 ፒኤስአይ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ክፍት ይተዉ፣ ቢጫውንና ቀዩን የፍሬን ቁልፍ ይግፉ፣ ፔዳሉን ረግጠው ለአንድ ደቂቃ ይያዙ። ተሳቢ ባለው መኪና ንፋሱ በዚያ ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥለው ፔዳሉን ደጋግመው እየረገጡ ንፋሱን ያውርዱ። የማስጠንቀቂያው መብራትና ድምፅ ወደ 60 ፒኤስአይ ገደማ ሲወርድ መምጣት አለበት፤ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል ሁለቱ ቁልፎች ራሳቸው ፈንጠር ብለው መውጣት አለባቸው። ይህን ያላደረገ መኪና በቁልቁለት ላይ ንፋስ ቢያጣ አስቀድሞ አይነግርዎትም።

7. ጭነትና የአደጋ ጊዜ ዕቃዎች። ባለ ሦስት ማዕዘን ሦስት አንጸባራቂዎች፣ የተሞላና በቦታው የታሰረ የእሳት ማጥፊያ፣ መኪናው የሚጠቀም ከሆነም ትርፍ ፊውዝ መኖር አለባቸው። ጭነቱን በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆመው ያረጋግጡ፤ ከዚያም በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው፣ ደግመው ይዩ። በማኅተም የታሸገና እንዳይከፈት የታዘዘ ተሳቢ ከዚህ ነጻ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ስልክ እየደወለ ቢያጣድፍዎ እንኳ፣ ፍሬኑ ባይዝ ፍርድ ቤት የሚቆሙት እርስዎ እንጂ እሱ አይደለም።

ክፍል ሁለት፦ ራዲዮውን መምረጥና ማስገጠም

ሲቢ ራዲዮ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ 40 ቻናሎች ያሉት፣ ፈቃድ የማይጠይቅ የመገናኛ መሣሪያ ነው። የመገናኛ ኮሚሽኑ ኤፍሲሲ በተለመደው ኤኤም ሞገድ የሚፈቅደው ኃይል 4 ዋት ነው። ከትራክ ወደ ትራክ የሚሰማው እንደ መልክዓ ምድሩ ጥቂት ማይል ብቻ ነው። ይህ አጭር ርቀት ጉድለት አይደለም። በራዲዮው የሚሰሙት ሰው እርስዎ ወደሚሄዱበት መንገድ ቅርብ የሆነ ሰው ነው ማለት ነውና።

ብዙዎቻችን መንገድ ላይ ስንሆን በጆሮ ማዳመጫ የቡድን ስልክ እናወራለን። ብቸኝነትን ያርቃል፤ እንቅልፍም ይከላከላል። ነገር ግን ዳላስ ያለው ጓደኛዎ ከፊትዎ ባለው ኮረብታ ማዶ ትራፊኩ መቆሙን አያውቅም። የሚያውቀው ስሙን የማያውቁት፣ ከፊትዎ 2 ማይል ርቆ ያለው ሾፌር ነው። የስልክ ካርታውም ቢሆን ወሬውን የሚያገኘው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ በዋዮሚንግና በኔቫዳ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ ላያገኘው ይችላል።

ሲገዙና ሲያስገጥሙ እነዚህን ይከተሉ፦

1. መኪናው የኩባንያ ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቁ። ብዙ ትራኮች ከሾፌሩ ራስ በላይ ለሲቢ የተዘጋጀ ቦታ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የአንቴና መሰኪያ ይዘው ነው የሚመጡት።

2. ገንዘብዎን ከራዲዮው ይልቅ በአንቴናው ላይ ያውሉ። ውድ ራዲዮ በመጥፎ አንቴና አይሰማም፤ መካከለኛ ራዲዮ በጥሩ አንቴና ይሠራል። አንቴናው ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በስፖኪዮው ብረት ላይ ነው፤ ማሰሪያው ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ መገናኘት አለበት።

3. ከማውራትዎ በፊት ኤስደብልዩአር የሚባለውን ልኬት ያስለኩ። መለኪያው በራዲዮውና በአንቴናው መካከል ይገባል። ገላጣ ቦታ ቆመው፣ በሮቹን ዘግተው፣ ቻናል 1 እና ቻናል 40 ላይ ይለኩ። ከ1.5 በታች ጥሩ ነው፣ እስከ 2 ይቻላል፤ ከ3 በላይ ከሆነ መናገሪያውን አይጫኑ፣ ራዲዮው ሊቃጠል ይችላል። ቻናል 1 ላይ ከበዛ አንቴናው አጥሯል፣ ቻናል 40 ላይ ከበዛ ረዝሟል።

4. የኃይል ማጉያ አይግዙ። በአንዳንድ ትራክ ስቶፕ ሱቆች ቢያግባቡዎትም በሲቢ ላይ ሕገ ወጥ ነው።

5. ስክዌልች የተባለውን ቁልፍ ሹክሹክታው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ያዙሩት። ከዚያ በላይ ካዞሩት ደካማ ድምፆችን ይዘጋብዎታል፤ ደካማው ድምፅ ደግሞ የሚፈልጉት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

6. የአየር ሁኔታ ቻናል ያለውን ይምረጡ። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ማዕበልና በረዶ ሲመጣ ያስጠነቅቅበታል።

በፌዴራል ደንብ የሾፌሮች የእጅ ስልክ ክልከላ ሲቢ ራዲዮን አይጨምርም። የስቴት ሕግ ግን ሊለያይ ስለሚችል የሚያልፉባቸውን ስቴቶች ሕግ ይወቁ። ቢፈቀድም መናገሪያው ከወንበርዎ ሳይንቀሳቀሱ የሚደርሱበት ቦታ ይንጠልጠል፤ መታጠፊያና የተጨናነቀ መንገድ ላይ አያንሱት።

ክፍል ሦስት፦ የቻናል 19 አነጋገር

የትራክ ሾፌሮች መገናኛ ቻናል 19 ነው። በምዕራብ ጠረፍ፣ በተለይ በኢንተርስቴት 5 ላይ፣ ቻናል 17 የሚጠቀሙ አሉ። ቻናል 9 በደንቡ ለአደጋና ለተጓዥ እርዳታ ብቻ የተለየ ነው፤ ሆኖም የሚያዳምጠው ሰው ላይኖር ስለሚችል አደጋ ሲያዩ መጀመሪያ 911 ይደውሉ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብለው ያዳምጡ። የሚሰሟቸው ቃላት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይገኙም። «ቴን-ፎር» ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ ማለት ነው። «ዋትስ ዩር ትዌንቲ» የት ነህ ብሎ መጠየቅ ነው። «ካም ባክ» መልስልኝ ወይም ድገምልኝ ነው። «ብሬክ ቼክ» ከፊት ትራፊኩ ቆሟልና ፍሬን ያዝ ማለት ነው፤ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ፍጥነት ይቀንሱ። «አሊጌተር» መንገድ ላይ የወደቀ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ ነው። «ሃመር ሌን» የግራው ፈጣን መስመር፣ «ግራኒ ሌን» የቀኙ፣ «ፎር ዊለር» የቤት መኪና፣ «ባክ ዶር» ከኋላዎ፣ «ያርድስቲክ» የማይል ምልክት፣ «ችክን ኩፕ» ሚዛን ጣቢያ፣ «ቤር» ፖሊስ ነው።

ሲናገሩ አራት ነገር በቅደም ተከተል ይበሉ፦ አቅጣጫውን፣ መንገዱን፣ የማይል ቁጥሩን፣ ያዩትን። ለምሳሌ «ኢስትባውንድ ኤይቲ፣ ማይል ማርከር ቱ ፊፍቲ፣ ብሬክ ቼክ፣ ራይት ሌን ብሎክድ» ካሉ በቂ ነው። ቁልፉን ተጭነው ጥቂት ቆይተው ይጀምሩ፣ ሲጨርሱ ይልቀቁ። የአነጋገር ዘዬዎ አያሳስብዎ፤ ቁጥሩ ከተሰማ የሚጠቅመው ተሰምቷል። ከጓደኛ ጋር በአማርኛ ለመጨዋወት ወደ ሌላ ቻናል ይሂዱ፤ 19 ለሁሉም ክፍት ይሁን።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ቀን ሞገዱ ከላይኛው ከባቢ አየር ተንጸባርቆ በመቶዎች ማይል ርቆ ያለ ሰው ከጎንዎ ያለ ያህል ይሰማል። ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ የመንገድ ቁጥሩንና የማይል ምልክቱን ሳያገናዝቡ እርምጃ አይውሰዱ።

ክፍል አራት፦ ሁለቱ ሲገናኙ

ከኋላ ያለ ሾፌር «የግራ ተሳቢ ጎማህ ይጨሳል» ቢልዎ አመስግነው በዝግታ ደህና ወደሆነ ቦታ ይውጡ። የሚጨስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የያዘ ፍሬን ወይም ያለቀ ቤሪንግ ነው፤ ሁለቱም እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ቆመው ከሩቅ ይዩ፣ ማጥፊያውን ይያዙ፣ ቸርኬውን በእጅዎ አይንኩ። በፍተሻ ያላዩት ነገር በራዲዮ ደረሰዎ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ፍተሻዎ ከዚያ ጎማ ይጀምር።

እርስዎም በሌላው ላይ ያዩትን ይናገሩ። የተከፈተ በር፣ የጠፋ መብራት፣ የላላ ማሰሪያ፣ የሚንጠለጠል ፓራፋንጎ ሲያዩ የተሳቢውን ቀለም ወይም የኩባንያውን ስም ጠርተው ይንገሩት። ስድብ ሊመልስ የሚችል አይጠፋም፤ መልስ አይስጡት። ስድብና ፀያፍ ቃል በደንቡም የተከለከለ ነው።

ራዲዮው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው በጉም፣ በነፋስና በቁልቁለት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2013 በቨርጂኒያ ኢንተርስቴት 77 ላይ፣ ፋንሲ ጋፕ በሚባለው ተራራ፣ በጉም ውስጥ 95 ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው 3 ሰዎች ሞተዋል። በጉም ውስጥ ዓይን ካቃተው ጆሮ ይቀራል። በዋዮሚንግ ኢንተርስቴት 80 ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ባዶ ተሳቢ የሚገለብጥ ነፋስ ይነሳል፤ ከፊትዎ ያለፈው ሾፌር እንዴት እንዳለፈ ይጠይቁ። በኦሪገን የካቤጅ ሂል ቁልቁለት ወይም በቴነሲ ሞንቲግል ከመውረድዎ በፊት ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ሞተር ብሬክ ይዘው፣ ከታች ያለውን ትራፊክ ጠይቀው ይውረዱ።

መኪናው ቢበላሽ ፍሬቻዎቹን አብርተው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ማዕዘኖቹን ይትከሉ። ባለ አንድ አቅጣጫ ወይም የተከፈለ አውራ ጎዳና ላይ ከኋላ 10፣ 100 እና 200 ጫማ ርቀት ላይ ይሁኑ። ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ አንዱ በትራፊኩ በኩል 10 ጫማ፣ ሌሎቹ ከፊትና ከኋላ 100 ጫማ ይሁኑ። ሲተክሉ ከፊትዎ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ የሚመጣው ሰው እንዲያይዎ። ከዚያ በራዲዮ የቆሙበትን ማይልና መስመር ይናገሩ።

ክፍል አምስት፦ መንገድ ላይ ሲያስቆሙዎ

ሙሉው የመንገድ ምርመራ፣ ሌቭል ዋን፣ 37 ደረጃዎች አሉት፤ ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሥር ጭምር ይገባል። በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ ለ72 ሰዓታት የሚካሄደው፣ ሮድቼክ የተባለው የምርመራ ዘመቻም ብዙውን ጊዜ በሜይ ወር ነው። ጠዋት ፍተሻዎን ከሠሩ የሚጠየቁት ያዩትን ነው።

ሞተር እንዲያጠፉ ሲጠየቁ ያጥፉ፣ አቃፊውን ያስረክቡ፣ ለተጠየቁት ብቻ በአጭሩ ይመልሱ። እ.ኤ.አ. ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ በቂ እንግሊዝኛ የማይናገርና የመንገድ ምልክት የማያነብ ሾፌር ከሥራ ውጭ ይደረጋል፤ አስተርጓሚም አይፈቀድም። ከየት እንደመጡ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደጫኑ፣ ስንት ሰዓት እንደነዱ በራስዎ አፍ መናገርን ይለማመዱ። በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚወጡ መልእክቶችንም እያነበቡ ትርጉማቸውን ይወቁ። ቻናል 19ን በየቀኑ የሚያዳምጥ ሰው ፈጣኑን የመንገድ እንግሊዝኛ ጆሮው ይለምደዋል፤ ለምርመራው ግን የጨዋውን እንግሊዝኛ ይጠቀሙ።

ከባድ ጥፋት ሳይገኝ ሌቭል ዋንን ካለፉ የተቆጣጣሪዎቹ ኅብረት የሲቪኤስኤ ተለጣፊ ይሰጥዎታል፤ የሚያገለግለው ለተሰጠበት ወርና ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ነው። ጥፋት ከተጻፈብዎ ሪፖርቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኩባንያዎ ያድርሱ። የተሳሳተ ከመሰለዎት ዳታኪውስ በተባለው የፌዴራል ሥርዓት መቃወም ይችላሉ፤ ፎቶግራፍ ካነሱ ማስረጃ ይሆንዎታል። ምርመራው ፒኤስፒ በተባለው የሾፌር ታሪክ መዝገብዎ ላይ ለ3 ዓመት ስለሚቆይ ቀጣዩ ቀጣሪዎ ያየዋል። ስለዚህ ንጹሕ ምርመራ የሥራ ማመልከቻ ያህል ዋጋ አለው።

ፍተሻውን ሳይዘሉ ይሥሩ፤ ራዲዮውን ቻናል 19 ላይ ይክፈቱ። አዲስ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) ያወጣ የአገርዎ ልጅ ካለ የሞተሩን ኮፈን ከፍተው የሚያዩትን ያሳዩት፣ የማይል ምልክት እንዴት እንደሚጠራ ያስተምሩት። ከሁሉ በላይ ግን መንገድ ላይ አደጋ ሲያዩ ሌላው ይናገራል ብለው ዝም አይበሉ፤ መናገሪያውን ያንሱና ይናገሩ።